የሚያፍነው ወፍጮ፦ ከጎንደር እስከ ደብረ ታቦር

ድሬዳዋ ከተመለስኩ ወዲህ በየቤቱ የምጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ «ደብረ ታቦር እንዴት ያለ አገር ነው?» ስነግራቸው ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ አያምነኝም። ሚስቴም ያው ታሪክ ሰለቻት መሰለኝ «ለምን ጽፈኸው አትገላገልም?» አለችኝ። ይኸው ተቀመጥኩ። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ ይህን የሚያነብ ሰው ጋቢ ይደርብ፤ የምወስደው ብርድ አገር ነው።

እኔ መካኒክ ነኝ። ሙያውን የተማርኩት ድሬዳዋ ከባቡር ጥገና ነው። ጣልያን ከዚያ ነቅሎ ጎንደር ጋራዥ አስገባኝ። የማወራው ጣልያን ሊወጣ ወራት ሲቀሩት፣ የነቢያት ጾም በገባ ሰሞን ስለሆነው ነው። ያኔ ቤንዚን በባሕር መምጣቱን አቁሞ መኪናውም ወፍጮውም በከሰል ጋዝ መሄድ ጀምሮ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። ከሰል በተዘጋ በርሜል ውስጥ አየር እየተነፈገው ሲነድ ጋዝ ያወጣል። ያ ጋዝ ወደ ሞተሩ ገብቶ፣ በሌላ ቧንቧ ከሚገባ አየር ጋር ተቀላቅሎ ይቃጠላል። አየሩ ከበቃው ደህና ነው። አየር ካነሰው ግን ጋዙ ሳይቃጠል በጭስ ማውጫው ይወጣና ሰውን እንደ እንቅልፍ አድርጎ ይወስደዋል። በር ዘግቶ ከሰል የሞቀ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ማክሰኞ

ደብዳቤው የደረሰኝ ሰኞ ነው። የላኩት የደስታ እናት ናቸው። ደስታ ጎንደር ጋራዥ አብሮኝ የሠራ፣ በኋላ አገሩ ደብረ ታቦር ወርዶ የጣልያኖቹን የሞተር ወፍጮ የያዘ ልጅ ነው። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ «ወፍጮው ሦስት ሴቶችና አንድ የጣልያን ሳጅን አፍኖ ጣለ። በእግዚአብሔር ቸርነት የሞተ የለም። ካፒቴኑ ግን ልጄን አውቆ ያደረገው ነው ብሎ አሰረው። እስከ ቅዳሜ ገበያ ሞተሩ ካልተበጀ ወደ ጎንደር ተልኮ ይሰቀላል ብሏል። እሱ ወንድሜ የሚልህ አንተን ነው።»

የወፍጮው ዱቄት ለጦሩም ስለሚሄድ ፈቃድ ለማግኘት አልተቸገርኩም። በማግስቱ በማለዳ ጨው ጭኖ ወደ አገሩ ከሚመለስ ኑሩ ከሚባል የደብረ ታቦር ነጋዴ ጋር ተሳፈርኩ።

የኑሩ መኪና ከኋላዋ ሰው የሚያክል የከሰል በርሜል አዝላለች። በየሰዓቱ ትቆማለች፤ ኑሩ እሳቱን በብረት ይቆሰቁሳል፣ አመድ ይጠርጋል፣ ከሰል ይሞላል። ዳገት በመጣ ቁጥር ወርደን እንገፋለን።

«እኛ አገር ባቡር የተሳፈረ ሰው አይገፋም» አልኩት።

«እንግዲያስ ባቡርህን ጥራት!» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ አዘነልኝ መሰለኝ «አይዞህ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለ።

አዲስ ዘመን ከተማ የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። የኑሩ አክስት ቤት አደርን። ጾም ስለነበረ የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ ጣጣ አልመጣብንም፤ ሽሮና ተልባ አቀረቡልን፣ ከአንድ ትሪ በላን። ድሬዳዋ ይህ ነገር ብርቅ አይደለም፤ ሴትዮዋ ግን አስከፋዎት ይሆን ብለው ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። ሦስት ጊዜም ጨመሩልኝ።

ሞኝነቴን ካልጻፍኩ ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። ወንዝ ስንሻገር የራሰ ጫማዬን ይድረቅልኝ ብዬ በርሜሉ አናት ላይ አስቀምጬ ረሳሁት። ግራው ተኮማትሮ የሕፃን ጫማ አክሏል፤ ቀኙ ደህና ነው። ኑሩ እስኪያለቅስ ሳቀና ከመሣሪያ ሣጥኑ አንድ የጎማ በረባሶ አውጥቶ ሰጠኝ። ስለዚህ በቀኝ እግሬ የጣልያን ጫማ፣ በግራ እግሬ በረባሶ አድርጌ ደብረ ታቦር ገባሁ።

ረቡዕ

እስከ ወረታ ሜዳ ነው። የኛን ሜዳ የሚያውቅ ሰው ይህን ሜዳ አይለውም፤ ሣሩ ከብት ይደብቃል፣ መሬቱም ጥቁርና እርጥብ ነው። ከወረታ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ይነሣል። ዓለም በር ስንቃረብ መኪናዋ ማሳል ጀመረች። ኑሩ ወርዶ የአየር ማስገቢያውን መዝጊያ በጣት ያህል ከፈተላት፤ ሳሉ ተዋት።

«ደጋ ስትወጣ አየሩ ይሳሳል» አለኝ። «መኪናም ሰውም አንድ ነው። አፏን ካልከፈትክላት ትታፈናለች።»

እኔም አፌን ከፍቼ ነበር የምሄደው። ለመካኒክ መካኒክነትን የሚያስተምር ሹፌር ያበሳጫል፤ ነገሩ ግን እውነት ነበር፣ በኋላም ጠቀመኝ።

«የምትጠግነው ወፍጮ ዱቄት ማን እንደሚበላው ታውቃለህ?» አለኝ ደግሞ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ።

«አውቃለሁ። ደስታ ከሚሰቀል ግን ዱቄቱን ሰይጣንም ይብላው።»

ከዚያ በኋላ ስለ ዱቄት አልተነሣም።

ዓለም በር አንድ ገበሬ ቤት አደርን። ድንች ቀቅለው በአዋዜ አቀረቡ። ሰውዬው ከምድጃው ማዶ ሆነው አገሬን ይመረምሩ ጀመር።

«አገርህ ምን ያበቅላል?»

«ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ማንጎ።»

«እህልስ?»

«እህልማ በባቡር ይመጣል።»

«ወይ ጉድ! እህል ከሰው አገር በባቡር እስኪመጣ ቁጭ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ?» አሉኝ። አዘኑልኝ። የምተኛበትን አጎዛ ደራርበው ሰጡኝ፤ እሳቸው በደረቅ መደብ ተኙ። እንዲያም ሆኖ ጥርሴ ሲንገጫገጭ አደረ።

ሐሙስ

ደብረ ታቦር ቀትር ላይ ገባን። በስተምሥራቅ ጉና ደመና ለብሶ ተቀምጧል፤ ነፋሱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ድሬዳዋ ሰው ከፀሐይ ሸሽቶ በጥግ በጥግ ይሄዳል፤ እዚህ ደግሞ ፀሐይ ያለበትን ጥግ ይዞ ይሄዳል።

የደስታ እናት እማሆይ አጸደ ይባላሉ። ባላቸው ሲሞቱ ቆብ የጫኑ፣ አጭር፣ ፈጣን ሴት ናቸው። ወፍጮ ቤቱን ጧት ማታ የሚጠርጉት እሳቸው ናቸው። እግሬን ለማጠብ ሲጎነበሱ ሁለቱን ጫማዎች አይተው ቀና አሉ።

«ምነው ልጄ፣ ሁለት ሰው ሆነህ ነው የመጣኸው?»

ደስ አሉኝ። ልጃቸው ታስሮ እንኳ ቀልድ አልጠፋባቸውም። ወዲያው ግን ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ታበጀዋለህ?» አሉኝ። «አበጀዋለሁ» አልኩ፤ ገና ሞተሩን ሳላየው።

እራት ቀረበ። እንግዳ መጣ ሲባል ጎረቤቱ ሁሉ ገብቶ መደቡን ሞልቶ ነበር። የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳነሣ እማሆይ ብድግ ብለው በእኔና በሰዎቹ መሃል ነጠላ ዘርግተው ቆሙ። የሚበላን ሰው የሰው ዓይን ይበላዋል፤ የሰው ዓይን ያረፈበት ምግብ ሆድ ውስጥ ይታመማል ይላሉ። እኔ ድሬዳዋ ለገሐር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ከመንገደኛ ጋር እያወራሁ የምበላ ሰውዬ በመጋረጃ ውስጥ ስበላ ሣቄ መጣ። ነጠላው ደግሞ ግማሽ ነው፤ ከመሃሉ ተቀዶ ጠርዙ በጥቁር ክር ተዘምዝሟል።

«እማሆይ፣ ግማሹ የት ገባብዎት?»

«ለሚያስፈልገው ሰጠሁት» አሉ፣ ክንዳቸውን ሳያወርዱ።

ዓርብ

ወፍጮ ቤቱ ከገበያው በላይ ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ከጉና የሚመጣውን ብርድ ፈርተው መስኮቶቹን በጭቃ መርገዋቸዋል። የጭስ ማውጫው ቧንቧ ደጅ ሳይደርስ ግድግዳው ሥር ተሰብሯል። ሁለቱም ጥፋት ነው፤ ግን አራት ሰው አይጥልም።

በርሜሉን አቀጣጠልኩና ጋዙን ከበርሜሉ ጎን ባለችው መፈተሻ ቀዳዳ ላይ ለኮስኩት። ሰማያዊ ነደደ። ጋዙ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ሞተሩን ሳስነሣው ግን እያቃሰተ ዞረ፤ ራሴን ወዲያው ከበደኝ። አጠፋሁትና እያሰብኩ ተቀመጥኩ። የኑሩ ነገር ትዝ አለኝ። የአየር ማስገቢያውን ቆርቆሮ ክዳን በካቻቪቴ ፈታሁት።

ከክዳኑ ሥር በአየር ቧንቧው አፍ ላይ አራት እጥፍ ሆኖ የታሰረ ጨርቅ አለ። ፈትቼ ዘረጋሁት፤ ግማሽ ነጠላ ነው። መሃሉ ጠቁሯል። ጠርዙ በጥቁር ክር ተዘምዝሟል።

ቀና ስል እማሆይ መጥረጊያቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ሰው ያየዋል እኮ ልጄ» አሉኝ ዝግ ብለው። «ገበያተኛው ሁሉ ሞተሩን ከቦ፣ አፉን ከፍቶ ሲበላ ያየዋል። ሁለት ጊዜ ታሞ ቆመ። ከከለልኩለት ወዲህ አንድ ቀን አልቆመም። ደስታ እንኳ አያውቅም።»

መልስ ሳልሰጣቸው ካፒቴኑ ገባ፤ ከኋላው አስተርጓሚው አቶ ባዬ። ባዬ የዚያው አገር ሰው ነው። ባንዳ ነው ብለው የመንደሩ ሴቶች ሲያዩት ፊታቸውን ያዞራሉ፤ እኔም ደስ አላለኝም። ካፒቴኑ ጫማዎቼን አየ፣ ከዚያ ጨርቁን አየ።

«ምንድን ነው?» አስባለ።

እውነቱን ብናገር ደስታ ይፈታል፣ እናቱ ይታሰራሉ። ካፒቴኑ አውቆ ያጠፋና ሳያውቅ ያጠፋ የሚለይ ሰው አይደለም። «የዱቄት ብናኝ ሞተሩ ውስጥ እንዳይገባ የተደረገ ጨርቅ ነው» አልኩ። «ጎንደርም እናደርጋለን። ሳይታጠብ ቆይቶ ተደፍኖ ነው እንጂ የማንም ተንኮል አይደለም።»

ባዬ ጨርቁን ትክ ብሎ አየው። የአገሩ ልጅ ነው፤ ነጠላ ምን እንደሚከለልበት አይጠፋውም። ዓይኑ ወደ እማሆይ ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ በጣልያንኛ ረዘም አድርጎ ተናገረ፤ ከመሃሉ ማጣሪያ ለማለት «ፊልትሮ» የሚለው ቃል ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ሰማሁ። ካፒቴኑ ፊቱን አጨማዶ አሰበና ፈረደ፦ ነገ ወፍጮው በሩ ተዘግቶ ይፈጫል። ደስታና እኔ ውስጥ እንቀመጣለን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በእግራችን ከወጣን ደስታ ነጻ ነው።

ሲሄዱ እማሆይን አስቀምጬ አስረዳኋቸው። «ከሰሉ ምግቡ ነው፤ ይህ ግን መተንፈሻው ነው። ታፈነ፤ የታፈነው ደግሞ ሰዉን አፈነ።» ወዲያው ጸጸተኝና ቧንቧውም ተሰብሯል፣ መስኮቱም ተደፍኗል አልኩ። እሳቸው አልሰሙኝም። ጠቆር ያለውን ጨርቅ ጭናቸው ላይ አድርገው በመዳፋቸው ያሻሹታል።

ቀኑን ሙሉ ሠራሁ። የመስኮቶቹን ጭቃ አፈረስኩ፤ ቧንቧውን በአሮጌ ቆርቆሮ ቀጥዬ ከጣሪያው በላይ አወጣሁት። በቅጡ ያልከሰለውን እንጨት ከከሰሉ ለቅሜ ጣልኩ። አየሩን ኑሩ እንዳደረገው ለደጋ በሚበቃ ልክ ከፈትኩት። ማምሻውን ሞተሩ ሲዞር ከቧንቧው የሚወጣው ነገር ለዓይን አይታይም።

እማሆይ ግን አላረፉም። «እንግዲህ ነገ በሰው ፊት ተገልጦ ሊበላ ነው?»

መሣቅ ይቻል ነበር። አልሣቅሁም። ከሞተሩ ሁለት እርምጃ አርቄ ገመድ ወጠርኩና አሮጌ ጋቢ ሰቀልንበት። ከዚህ ማዶ ማንም አያየውም፤ ከዚያ ማዶ እንደልቡ ይተነፍሳል።

ቅዳሜ

ደስታን ሁለት ወታደር አመጡት። ከስቷል። አንገቴን አቅፎ «ለምን መጣህ አንተ ሞኝ?» አለኝ። በሩ ከውጭ ተዘጋ፤ ሞተሩን አስነሣን፤ ለጦሩ የሚሆን ስንዴ እየፈጨን ተቀመጥን። ገበያው ከታች ይንጫጫል። ወደ ወፍጮው የሚመጣ ግን አንድም ሰው የለም።

ስድስት ሰዓት ገደማ ራሴን ያመኝ ጀመር። እዚህ ላይ ጀግና ነበርኩ ብዬ አልዋሽም፤ ፈራሁ። በጥድፊያ ከጧት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም፤ አየሩም ስስ ነው። ረሃብ ይሁን ጋዝ በምን ልወቅ? ደስታን ሰርቄ አየዋለሁ፤ እሱም እኔን ሰርቆ ያየኛል።

በሩ ተንኳኳ። ዘበኛው ከፈተ። እማሆይ አጸደ ገብስ ተሸክመው ገቡ።

«እማማ፣ ይውጡ!» ብሎ ደስታ ጮኸ። «በሞቴ ይውጡ!»

«ልጄ የሚተነፍሰውን እተነፍሳለሁ» አሉና ከጋቢው ማዶ፣ ከሞተሩ አጠገብ ሄደው ቁጭ አሉ። ዘበኛው በሩን መልሶ ዘጋ።

የገበያው ሴቶች በመስኮቱ ያዩ ነበር። ትንሽ ቆይቶ አንዷ ጤፏን ይዛ አንኳኳች፤ ቀጥሎ ሌላዋ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካፒቴኑ ሲመጣ ውስጥ ሰው ሞልቷል፤ ሁላችንም ዱቄት ለብሰን ነጭ ሆነናል፤ ሁለት ሴቶች ተራ ተሻማሽኝ ብለው ይጨቃጨቃሉ። ካፒቴኑ አሸተተ፣ ቧንቧውን ዞሮ አየ፣ ትከሻውን ሰበቀና ሄደ። ደስታ ተፈታ። ራስ ምታቴም አንድ ቁራሽ ዳቦ ስበላ ለቀቀኝ።

እሑድ

ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ከቅዳሴ መልስ ዕቃዬን ስሰበስብ እማሆይን ደጅ አየኋቸው። የጠቆረውን ጨርቅ አጥፈው ትከሻቸው ላይ አድርገዋል፤ ከላዩ ድንጋይ ተሸክመዋል። በዚያ አገር የበደለ ሰው ይቅርታ የሚለምነው እንዲህ ነው። የተበደለው ይቅር ካለ ድንጋዩን በእጁ ያወርዳል።

ደስታ ነገሩን ማታ ከእሳቸው ሰምቷል፤ እግራቸው ሥር ወደቀ። «እማማ፣ ጨርቁን ያሰሩት አንቱ መሆንዎ ካፒቴኑ ጆሮ ከደረሰ አለቀልን!»

«ጨርቁ ሲወጣ ጭሱ ከቆመ፣ ጭሱ የኔ ነበር» አሉት። «ካፒቴኑን ስፈራ እግዜርን ልርሳው?»

ተከተልናቸው። ታፍነው ወደነበሩት ሦስት ሴቶች ቤት በየተራ ሄዱ፤ ሁለቱ ድንጋዩን አወረዱላቸው። ሦስተኛዋ ብርቄ የምትባል የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ያን ቀን ጋዙ ከጣላት ወዲህ ከመደብ አልተነሣችም ነበር። እማሆይ ደጃፏ ላይ ሲያለቅሱ ግድግዳውን ይዛ ወጣችና ድንጋዩን አወረደችላቸው። «በሆዴ ያለው ይላወሳል፤ አያልቅሱ» አለቻቸው። እኔ ፊቴን አዞርኩ።

ወደ ቤት እንመለሳለን ስል እማሆይ ድንጋዩን መልሰው አነሡ።

«ደግሞ ወዴት?»

«አራተኛው አለ አይደል?»

ሳጅኑን ማለታቸው ነው። ደስታ ለመነ፣ እኔም ለመንኩ። «የገባበት እሳት ይፍጀው፤ ግን እሱንስ እግዚአብሔር አይደለም የፈጠረው?» ብለው ሽቅብ ወደ ካምፑ አቀኑ። ከበሩ ላይ ድንጋይ እንደተሸከሙ ቆሙ። ወታደሮቹ ጮሁ። ሳጅኑ ገርጥቶ ወጣ። ካፒቴኑ ከሰገነቱ ያያል። ያ የጠቆረ ጨርቅ ከድንጋዩ ሥር ፊት ለፊት ተዘርግቷል፤ እጄ ላይ ያየው ያው ጨርቅ። አቶ ባዬ እየሮጠ መጣ።

«ምን ይሁን ነው የሚሉት?» አላቸው ባዬ።

«ያፈንኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበለኝ በልልኝ።»

ባዬ ወደ ካፒቴኑ ዞሮ ተናገረ፤ ወደ ሳጅኑ ዞሮ ተናገረ። ሳጅኑ ግራ ገባው፤ ከዚያ ሁለት እጁን ዘርግቶ ድንጋዩን ከትከሻቸው አንሥቶ መሬት አኖረው። ካፒቴኑ ባርኔጣውን ነካ አደረገ።

«ይቅር አለኝ?» አሉ እማሆይ።

«ብሎዎታል» አለ ባዬ።

ሰኞ

ከኑሩ ጋር ስንወጣ ባዬ መንገድ ዳር ቆሞ አገኘሁት። አስቁሜ ምን ብለህ ነው የተረጎምከው አልኩት። «ለልጇ መፈታት የተሳለችው ስለት ነው፣ በወፍጮው ተጎድቶ የዳነ ሰው ድንጋዩን ሲያወርድላት ይፈጸማል አልኩ» አለኝ። ቀጥሎም «ሦስቱ ሴቶች ይቅር ካሏቸው ካፒቴኑ ምን ቤት ነው?» አለ። ስሰናበተው እጁን ጨበጥኩት፤ ከዚያ ቀን በፊት የማላደርገው ነው።

ደስታ መኪናዋን እስከ ቁልቁለቱ ድረስ ገፋልን። እማሆይ ቆሎ በስልቻ፣ ንጹሑን ግማሽ ነጠላ በላዩ አድርገው ሰጡኝ፤ «መንገድ ላይ ስትበላ ተከለልበት» ብለው። አዲስ ዘመን ላይ ቆሎዬን ከውስጡ ሆኜ ስበላ ኑሩ አሾፈብኝ፤ ግድ አልሰጠኝም።

ነጠላው አሁን ድሬዳዋ ቤቴ ሣጥን ውስጥ አለ። ሚስቴ ባወጣችው ቁጥር የተቀደደውን ጠርዝ በጣቷ እየተከተለች ግማሹስ የት ገባ ትለኛለች። ለሚያስፈልገው ተሰጥቷል እላታለሁ።